የበዓል ድስትና የሰንጋ ዋጋ፦ ቅርጫው ለምን ሳሳ?

የበዓል ዋዜማ በደረሰ ቁጥር በከተማ ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ስሌት ይጀመራል። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ይበቃል፣ ቅቤው በስንት ይገዛል፣ ዶሮዋስ፣ የቅርጫው መዋጮስ ስንት ደረሰ? ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዚህ ስሌት መጨረሻ በአብዛኛው መቀነስ ኾኗል። ሁለት የነበረው ዶሮ ወደ አንድ፣ ሙሉ የነበረው መደብ ወደ ግማሽ፣ በግ ያርድ የነበረው ቤት ከልኳንዳ ወደሚገዛ ሁለት ኪሎ ሥጋ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን በገጠሩ በኩል ሌላ ስሌት አለ። በሬውን ለወራት ቀልቦ ወደ ገበያ የነዳው አርሶ አደር የተቀበለውን ብር ከመኖው፣ ከመድኃኒቱና በምትኩ ከሚገዛው ወይፈን ዋጋ ጋር ሲያነጻጽረው፣ እጁ ላይ የሚቀረው የሚወራውን ያህል አይኾንም።

በዚህ መካከል ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ይጠራጠራሉ። ከተሜው አርሶ አደሩ በዋጋ እንደጨከነበት ያስባል። አርሶ አደሩም እርሱ በሸጠበትና ከተሜው በገዛበት ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ማን እንደወሰደው ይጠይቃል። ሁለቱም ቅሬታዎች እውነት አላቸው፤ ኾኖም የሥጋ ወጥ በቤት ውስጥ ለምን እንደተወደደ ሙሉ መልስ አይሰጡም። መልሱ ያለው በአብዛኛው በመኖው፣ በበዓላት አቆጣጠርና ከብት በሚሸጥበት መንገድ ላይ ነው። ይህን ለማየት ከድስቱ መነሣት ይሻላል።

ዶሮ ወጥ ጥሩ ማሳያ ነው። በባለሙያ እጅ 12 ብልት ኾና የምትወጣው ዶሮ ወደ ድስቱ ብቻዋን አትገባም። በደቃቁ የተከተፈው ሽንኩርት በመጀመሪያ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ፣ በራሱ ውኃ በዝግታ ይቁላላል፤ እንዳያርርም ጠብ ጠብ የሚል ውኃ እየተጨመረበት በትዕግሥት ይማሰላል። በርበሬው፣ የተነጠረው ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተራ በተራ ይከተላሉ። በሎሚና በጨው ደጋግመው የታጠቡት ብልቶች የሚገቡት ቁሌቱ በሚገባ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ኮረሪማውና መከለሻው የሚነሰነሱት ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው። ወጡ ወፍሮ ቅቤው ከላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ሰዓታት ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ ወጪም ነው። የሽንኩርቱ ክብደት ከዶሮዋ ክብደት አያንስም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይበልጣል። ስለዚህ ሽንኩርት በኪሎ ከ100 ብር በላይ በተሸጠባቸው ወራት የዶሮ ወጡን ዋጋ የሰቀለችው ዶሮዋ ብቻ አልነበረችም። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው በሌላ ወቅት ደግሞ በፎገራ ሜዳ በመስኖ ያለማ አርሶ አደር ለዚሁ ሽንኩርት ገዥ አጥቶ ማሳው ላይ እስከመተው መድረሱ ነው። ሽንኩርት ውኃ የበዛበት ምርት ነው፤ ነፋስ የሚያገኝ ደረቅ ማከማቻ ከሌለው ቶሎ ይበሰብሳል። ሁሉም አምራች በአንድ ሰሞን ሰብስቦ በአንድ ሰሞን ለመሸጥ ስለሚገደድ አንድ ጊዜ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ሌላ ጊዜ ባዶ ይኾናል። በዓሉ ባዶው ሰሞን ላይ ከዋለ ሸማቹ ይከፍላል፤ ምርቱ በሞላበት ሰሞን ከዋለ ደግሞ አምራቹ።

የዶሮዋም ነገር እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከተሜው ለወጥ የሀበሻ ዶሮ የሚመርጠው በልማድ ብቻ አይደለም። በፍጥነት የምታድገው የፈረንጅ ዶሮ ሥጋዋ ለስላሳ በመኾኑ ረጅሙን የወጥ እሳት አትችልም፤ ሥጋዋ ከአጥንቷ እየተለያየ ይፈርሳል። ጓሮ ውስጥ እየጫረች ያደገችው ግን ሰዓታት ብትበስልም ብልቷ አይፈርስም። ችግሩ እንዲህ ያለችው ዶሮ በዝግታ የምታድግ፣ በቁጥርም በየቤቱ ጥቂት ኾና የምትገኝ መኾኗ ነው። የዶሮ እርባታ ማስፋፊያ ሥራዎች በእንቁላልና በጥብስ ዶሮ ላይ የሚያሳዩትን ውጤት በበዓል ገበያ ላይ ያላሳዩበት አንዱ ምክንያት ይህ የምግብ አሠራር ልዩነት ነው። የዘር መረጣው ስለ ክብደት ሲያስብ የወጥ ድስቱን አላሰበም ማለት ይቻላል።

ከዶሮው ቀጥሎ የበዓልን ቤት ሙሉ የሚያደርገው ቅርጫ ነው። ጎረቤቶች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ወይም የዕድር አባላት ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ይገዛሉ፤ ከብት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ተመርጠው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ሰንጋው በዋዜማው ወይም በበዓሉ ማለዳ ይታረዳል፤ ሥጋው በቅጠል ወይም በሸራ ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከታላቁም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል፤ ጉበቱና ጨጓራው ሳይቀሩ ይከፋፈላሉ። ድልድሉ ሲያበቃ ዕጣ ይወጣል። የሚደለድለው ሰው የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ያለ ሚዛን ሚዛን ይጠበቃል።

በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ በዒድ አል አድሃ፣ ብዙው ሰው አረፋ በሚለው በዓል፣ የሚፈጸመው ዑድሒያም በዚህ ረገድ ተቀራራቢ መልክ አለው። በሃይማኖቱ ሥርዓት ሰባት ሰዎች አንድን በሬ መጋራት ይችላሉ፤ ከሥጋውም ለጎረቤትና ለችግረኛ ይከፈላል። በወሎ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ ቢለያይም የከብት ገበያው አንድ ነው፤ የዋጋው ጫናም እንዲሁ።

ቅርጫ ለከተማ ነዋሪ የሚረክሰው የልኳንዳ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የነጋዴ ትርፍ ስለሌለበት ነው። ከዚያም በላይ ከብቱ በሙሉ ስለሚገዛ ምላሱ፣ ጨጓራው፣ ጉበቱና ቅልጥሙ ከመዋጮው ሌላ ዋጋ ሳይጠየቅባቸው ይመጣሉ። ይሁን እንጂ መነሻው የሰንጋው ዋጋ ነው። አንድ ሰንጋ ከ100 ሺህ ብር በላይ መጠራቱ ዛሬ ማንንም አያስደንቅም።

ቁጥሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰንጋ በ120 ሺህ ብር ተገዛ ይባል። ቆዳው፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩና ሆድ ዕቃው ሲወጣ አጥንት ያለው ሥጋ የቁም ክብደቱ ግማሽ ገደማ፣ ማለትም 150 ኪሎ ግራም ያህል ይኾናል። አጥንት ያለው አንድ ኪሎ 800 ብር ደረሰ ማለት ነው፤ አጥንቱ ሲወጣ ደግሞ ቀዩ ሥጋ ከ1 ሺህ ብር ይሻገራል። ለ12 ሰው ሲከፋፈል መዋጮው 10 ሺህ ብር፣ ድርሻው 12 ኪሎ ተኩል ነው። ይህ ገንዘብ ለብዙ ደመወዝተኛ የወር ገቢ ወይም ለእርሱ የቀረበ ነው። 24 ሰው ኾኖ ግማሽ መደብ መከፋፈል የተለመደው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚሁ ምሳሌ ውስጥ ብዙም የማይነገር ሌላ ኪሳራ አለ። ሰንጋ በአብዛኛው ገበያ የሚሸጠው በዓይን ግምት እንጂ በሚዛን አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው በሬ 300 ሳይኾን 270 ኪሎ ቢኾን፣ የሥጋው ድርሻ በ15 ኪሎ ይቀንሳል፤ ይህም በ800 ብር ሒሳብ 12 ሺህ ብር፣ ከአንድ ሰው ሙሉ መዋጮ በላይ ነው። ግምቱ በተቃራኒው ከተሳሳተ ደግሞ የሚጎዳው ለወራት የቀለበው አርሶ አደር ነው። በግምት ገበያ ላይ ሁልጊዜ የሚያተርፈው በየሳምንቱ ከብት የሚያይ ዓይን ያለው ደላላ ነው። በቀንድ ከብት ገበያ አንድ የቁም ሚዛን መትከል ከዚህ አንጻር ሲታይ እምብዛም ትልቅ ወጪ አይደለም። ሚዛን በሌለበትም ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደትን መገመት ይቻላል፤ የእንስሳት ባለሙያዎች ለዚህ የተዘጋጀ መለኪያ አላቸው።

በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም የግብርና ናሙና ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት፣ ከ42 ሚሊዮን በላይ በግና ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል አላት። ከአፍሪካ በእንስሳት ሀብት ቀዳሚ ናት የሚባለውም በዚህ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ከብት ባለበት ሀገር አንድ ድስት ሥጋ ለምን ይህን ያህል ያስወጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት በሬው ለሥጋ ተብሎ የሚረባ አለመኾኑ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው በሬ የእርሻ ጉልበት ነው፤ ላም የወተትና የጥጃ ምንጭ ናት፤ ሁለቱም በክፉ ቀን የሚሸጡ የቁጠባ ሣጥን ናቸው። በሬው ወደ ሥጋ ገበያ የሚመጣው ለዓመታት ካረሰ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜም ጉልበቱ ሲደክም ነው። የቁጥሩ ብዛት ስለ አራሾች ብዛት እንጂ ስለ ሥጋ ብዛት አይናገርም። አርሶ አደሩ በሬውን ሲሸጥ ከገበያው ሳይወጣ ምትክ መግዛት አለበት፤ የወይፈን ዋጋ በሰንጋው ልክ ስለሚወጣም ከሽያጩ የሚተርፈው ገንዘብ ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ዋነኛው ምክንያት፣ የበዓላት አቆጣጠርና የሣር ወቅት አለመገጣጠማቸው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ቢያንስ 180 ቀን ያህል ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ሥራቸው ይቀዘቅዛል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ፍላጎቱ በአንድ ሌሊት ይፈነዳል። ከብት አቅራቢው ለወራት ገዥ አጥቶ ቆይቶ በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉንም መሸጥ አለበት። ከሦስቱ ቀን ያለፈ ሰንጋ ለተጨማሪ ሳምንታት ቀለብ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋው ከበዓሉ በፊት ይሰቀላል፤ በበዓሉ ማግስት ከነመኖው የተረፈው አድላቢ ኪሳራውን ለብቻው ይቆጥራል።

ይህ ብቻ ቢኾን ማቀድ ይቻል ነበር። ፋሲካ የሚውለው በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ነው። ይህ ወቅት በአብዛኛው የአማራ ክልል ደጋና ወይና ደጋ መሬቱ የደረቀበት፣ የበጋው ጭድ ወደ ማለቁ የተቃረበበት፣ ሣሩ ገና ያልወጣበት ጊዜ ነው። በዓመቱ ትልቁ የሥጋ ፍላጎት መኖው በጣም በሚወደድበት ወር ላይ ይወድቃል። እንቁጣጣሽና መስቀል ደግሞ ሣር በተትረፈረፈበት ይመጣሉ፤ በሬው ግን ክረምቱን በእርሻ አሳልፎ ጎድኑ ይቆጠራል። ሁለቱ በመጠኑ የሚቀራረቡት በገና ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ ጭዱ ተከምሯል፣ የእርሻው ሥራም ጋብ ብሏል። ለፋሲካ የሚደልብ ሰንጋ ዋጋው ከገናው የሚበልጠው በነጋዴ ስስት ብቻ ሳይኾን በተገዛ መኖ ስለሚደልብ ነው።

የተገዛ መኖ ሲባል በዋናነት ፋጉሎና ፉርሽካ ነው። ፋጉሎ የሚገኘው ኑግና ሌላው የቅባት እህል በሀገር ውስጥ ሲጨመቅ ነው። እህሉ በጥሬው ወደ ውጭ ሲላክ፣ ወይም የዘይት ፋብሪካ ድፍድፍ ዘይት ከውጭ አስመጥቶ ሲያጣራ፣ ለአድላቢው የሚተርፍ ፋጉሎ የለም። ፉርሽካውም የዱቄት ፋብሪካው ስንዴ በማግኘትና ባለማግኘቱ ይወሰናል። በከተማ ዳር የሚያደልቡ ሰዎች የጠላና የአረቄ አተላ እየሰበሰቡ ክፍተቱን ይሞላሉ፤ ይህ ለጥቂት ከብት ይበቃል እንጂ ገበያ አይለውጥም።

ያለውን ጭድ ማሻሻል የተሻለ መንገድ ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አሟሙቶ መርጨት፣ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ወይም ላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቆ ለ3 ሳምንት ያህል መዝጋት ጭዱን ለስላሳና የተሻለ ገንቢ ያደርገዋል። ከከብት ፊት ከመቅረቡ በፊት ሽታው እስኪወጣ ይናፈሳል። ዩሪያን ያለ ውኃ ወይም በቀጥታ ለከብት መስጠት ግን ይገድላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጊዜ ከልማት ጣቢያ ባለሙያ ጋር መሠራት ይኖርበታል። እንቅፋቱ ዩሪያው ራሱ ነው። ለማሳው ማዳበሪያ በበቂ ያላገኘ አርሶ አደር ለጭድ ይቆጥባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በዚህ ላይ መንገዱ አለ። ሰላም በጎደለበት አካባቢ የከብት ገበያ ሳምንት ሳይቆም አይቀርም፤ መኪና ሲጠፋ ወይም በየኬላው ክፍያ ሲደራረብ ወጪው በሰንጋው ጀርባ ላይ ተጭኖ ከተማ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የነዳጅ፣ የእንስሳት መድኃኒትና ከውጭ የሚገቡ የመኖ ግብዓቶች ዋጋ ጨምሯል፤ በሌላ በኩል ሥጋና የቁም እንስሳት ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚልከው ነጋዴ በዶላር የሚያገኘው ገቢ በብር ሲመነዘር ስለሚበዛ የተሻለ ዋጋ መክፈል ይችላል። ለአርሶ አደሩ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለቅርጫ አዋጪው ግን አብሮት የሚጫረት ሌላ ገዥ መጣ ማለት ነው።

ከዚህ ውጪ መውጫ የሚያሳይ የሀገር ውስጥ ልምድ የለም ማለት ግን አይቻልም። የሐረርጌ አርሶ አደር ማሽላና በቆሎውን ጠቅጥቆ ይዘራና እየሳሳ እንዲሄድ የሚነቅለውን እሸት አገዳና ቅጠል ለታሰረ በሬው በእጁ ይቀልበዋል። በሬው ያርሳል፤ ካረሰ በኋላ በማሳው ተረፈ ምርት ይደልባል፤ ተሽጦም በገንዘቡ ሌላ ወጣት በሬ ይገዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ውጭ ገበያ የሐረር ሰንጋ የተለየ ዋጋ የሚጠራበት ምስጢር ከዘሩ ይልቅ በዚህ አቀላለብ ላይ ነው። በጎጃምና በጎንደር የበቆሎና የማሽላ ማሳ አለ፤ አገዳው ግን በአብዛኛው ከደረቀ በኋላ ይቃጠላል፣ ለአጥር ይውላል ወይም ማሳው ላይ በእግር ይረገጣል። ልዩነቱ የመሬት ሳይኾን የልማድ ነው፤ ልማድን ደግሞ የግብርና ኤክስቴንሽን ሊለውጠው ይችላል።

ይህ ሁሉ እስኪኾን የከተማው ቤት ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ የእናቶች ሙያ ከኢኮኖሚው ትንታኔ በላይ ይናገራል። ከተማው ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ጥብስ፣ ወደ ክትፎና ወደ ጥሬ ሥጋ አዘንብሏል። እነዚህ የሚፈልጉት ለስላሳውን፣ ከአንድ በሬ ጥቂት ብቻ የሚገኘውን ክፍል ነው። ወርቹ፣ ፍሪንባው፣ ቅልጥሙ፣ ጎድኑ ግን ለዓመታት ያረሰ ጡንቻ ናቸው፤ በችኮላ ከተጠበሱ ጥርስ ይሰብራሉ፣ በዝግታ ከበሰሉ ግን ከሁሉም ይጣፍጣሉ። ግማሽ መደብ ያመጣ ቤት ብዙ ቀን የሚመገበው ይህን ሲያውቅ ነው።

ቅቅል ከሁሉ ቀላሉ ነው። አጥንት ያለው ሥጋ በቀዝቃዛ ውኃ ይጣዳል፤ ሲፈላ የሚነሣው አረፋ ይገፈፋል፤ እሳቱ ቀንሶ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀስ ብሎ ይንተከተካል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል፤ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። መረቁ ለታመመና ለአራስ፣ ሥጋው ለቤተሰቡ ይኾናል። ድንች ወይም ካሮት ሲታከልበት ያው ድስት ለእጥፍ ሰው ይበቃል። ጎመን በሥጋም የዚሁ ብልሃት ነው፤ ጥቂት የጎድን ሥጋ አንድ ድስት ጎመንን የሥጋ ምግብ ያደርገዋል።

ምንቸት አብሽ ደግሞ ትንሹን ሥጋ ለብዙ ሰው የማድረስ ጥበብ ነው። በደቃቁ የተከተፈ ግማሽ ኪሎ ሥጋ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት፣ በአብሽና በቅቤ ተሠርቶ ስድስት ሰው ያጠግባል፤ በጥብስ መልክ ቢቀርብ ለሁለት ሰውም አይበቃም። በርበሬ ለማይስማማው በእርድ የሚሠራው አልጫ አለ። ምላስና ሰንበር፣ ዱለት፣ የጨጓራ ወጥ በሥጋ ቤት ምግብነታቸው ሲወደሱ በቤት ውስጥ ግን የሚያዘጋጃቸው እጅ እያነሰ መጥቷል፤ ማጠቡ አድካሚ ስለኾነ ብዙ ቤት ለአራጁ ሰጥቶት ይሄዳል። በምሳሌው የቅርጫ ሒሳብ ይህ በገንዘብ የተገዛ ምግብ መተው ነው።

ቋንጣም አለ። ስቡ የወጣለት ቀይ ሥጋ በስሱ እንደ ገመድ ተዘልዝሎ፣ ጨው፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ተለውሶ፣ ነፋስ በሚያገኘውና ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀላል። አየሩ ደረቅ ከኾነ በሳምንት ገደማ ይደርቃል። ፍሪጅ በሌለበት ወይም መብራት በሚቆራረጥበት ቤት የቅርጫ ሥጋን ከሦስተኛው ቀን የሚያሻግረው እርሱ ነው። በክረምትና በእርጥብ አካባቢ ግን ይሻግታል፤ ስለዚህ የእንቁጣጣሽ ቋንጣ የፋሲካውን ያህል አይታመንም።

በዝግታ ማብሰል ሌላ ጥቅም አለው፤ ጤና። በኢትዮጵያ ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ጋር የኖረ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ያለበት የሰው ዓይነ ምድር በግጦሽ ላይ ሲወድቅ ከብቱ ይበላዋል፣ በጡንቻው ውስጥ ትንንሽ ከረጢት ኾኖ ይቀመጣል፤ ሰው ሥጋውን በጥሬው ሲበላ ደግሞ በአንጀቱ ያድጋል። ውስጡ ድረስ በሚገባ የበሰለ ሥጋ ይህን ዑደት ይቆርጠዋል። በሳንባና በጉበት ላይ የሚገኘው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አራጁ "የተበላሸ" ብሎ ለውሻ ሲጥለው ውሻው የትሉ ተሸካሚ ይኾናል፤ እንቁላሉ ከውሻው ወደ ልጆች እጅና አፍ ይተላለፋል። እንዲህ ያለው ሆድ ዕቃ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት።

አባ ሰንጋ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከአፉ የማይረጋ ጥቁር ደም የፈሰሰው ከብት ፈጽሞ መገፈፍም መከፈትም የለበትም። የበሽታው ተሕዋስ አየር ሲያገኝ የሚሠራውን ጠንካራ ዘር የወጥ እሳት አያጠፋውም፤ በአፈርም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ሥጋው በርካሽ ተገኘ ተብሎ ለቅርጫ የሚቀርብ በሽተኛ ከብት የሚያደርሰው ጉዳት በገንዘብ አይለካም።

ከተሞች ይህን በማየት ከቄራ ውጭ የሚደረገውን እርድ ይከለክላሉ። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከእውነታው ይርቃል። በበዓል ዋዜማ የከተማው ቄራ በየሰፈሩ የሚታረደውን ሁሉ ማስተናገድ አይችልም፤ ብዙ ትናንሽ ከተሞችም ለዚህ የሚበቃ ቄራ የላቸውም። ክልከላው ቅርጫን አላስቀረም፤ በጓሮና በሌሊት እንዲኾን ብቻ አደረገው። የተሻለው አማራጭ ሐኪሙን ወደ ቅርጫው ማምጣት ነው። በየቀበሌው ሁለት ወይም ሦስት የእርድ ቦታ ተለይቶ፣ ውኃ ቀርቦ፣ የደምና የሆድ ዕቃ መቅበሪያ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከብቱን ከእርድ በፊትና በኋላ ቢመረምር፣ አዋጪዎች ለአገልግሎቱ ጥቂት ብር ለመክፈል የሚያንገራግሩ አይመስልም።

እንዲህ ያለው ቦታ ለቆዳውም ይበጃል። በቀድሞው ጊዜ የቅርጫው ቆዳ ተሽጦ የአራጁን ዋጋ ይሸፍን ነበር። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ በበዓል ማግስት ቆዳ በየመንገዱና በየወንዙ ተጥሎ ይታያል። በአንድ ቦታ የተሰበሰበ፣ በቢላዋ ያልተበሳ፣ ወዲያው ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ግን ገዥ የማግኘት ዕድል አለው፤ በየጓሮው የተበተነው የለውም።

መንግሥት ኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ ያደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ትኩረቱን በዋናነት በወተት፣ በእንቁላል፣ በዶሮ ሥጋና በማር ላይ አድርጓል። ለቤት ማዕድ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንቁላልና ወተት ከበሬ ሥጋ ይልቅ ፈጥነው ይደርሳሉ። የሰንጋ ማድለብ ግን በአብዛኛው ለግለሰብ ጥረት የተተወ ነው። ለሥራ አጥ ወጣቶች የሚሰጠው የማድለቢያ ብድር እንኳ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው የቢሮው አሠራር ሲያልቅ እንጂ የመኖው ወቅት ሲደርስ አይደለም። ብሩ በየካቲት እጁ የገባ ወጣት ለፋሲካ ሲል በጣም ውድ የኾነውን ወይፈን በጣም ውድ በኾነው መኖ ለመቀለብ ይገደዳል።

የማድለብ ሥራ በአብዛኛው ሦስት ወር፣ 90 ቀን ያህል ይወስዳል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ለዚያ ቀን ድስት የሚደርስ ሰንጋ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ መታሰርና መቀለብ ይኖርበታል፤ ብድሩ ከዚያ በፊት፣ ፋጉሎውም በአዲሱ የኑግ ምርት ሰሞን ሳይኾን አስቀድሞ ተገዝቶ መቀመጥ አለበት። በከተማው በኩል ደግሞ የቅርጫ ማኅበርተኞች በዋዜማው ሳይኾን በጥቅምት አዋጥተው ከአንድ አድላቢ ጋር በኪሎ ዋጋ ቢዋዋሉ፣ አርሶ አደሩ ገዥውን አውቆ ይቀልባል፣ ከተሜውም የበዓል ሰሞኑን ጭማሪ አይከፍልም። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ከየወሩ ደመወዝ ለበዓል ሰንጋ የመቆጠብ ልማድ አለ፤ የጎደለው ቁጠባውን ከበዓሉ ሦስት ወር ቀድሞ ወደ አድላቢው ደጅ የሚያደርስ ውል ነው።